ዳማ ቢራቢሮ ሁሉ አንድ አይደለም፦ የሐዋሳን ተመሳሳይ ቢራቢሮዎች በክንፋቸው ምልክት እንዴት እንለያለን?

እረኛ ላም ጠፍታበት ሰፈር ለሰፈር ሲጠይቅ «ቀይ ላም አይታችኋል?» ብሎ አያቆምም። ቀይ ላም ሞልቷል። «ቦቃ ናት» ይላል። በቃ፣ ሰሚው ገባው። ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት ማለት ነው። ነጩ ሆዷ ላይ ቢሆን ቦቃ አትባልም። ስሙን ያወጣላት ነጭነቱ ብቻ ሳይሆን ነጩ ያረፈበት ቦታ ነው።

ቢራቢሮም የሚለየው እንደዚሁ ነው። ምን ዓይነት ቀለም እንዳለባት ብቻ ሳይሆን ምልክቱ የት እንዳረፈ ማየት ያስፈልጋል።

እኔ ይህ የገባኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል ባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ስመላለስ ብዙ ዳማ ቢራቢሮ ፎቶ አንስቻለሁ። ሁሉንም በአንድ ስም አስቀመጥኳቸው። አንድ ቀን ማታ መብራት ጠፍቶ ሌላ የምሠራው ሥራ ስላልነበረኝ ፎቶዎቹን እያጎላሁ የኋላ ክንፋቸው ላይ ያለውን ጥቁር ነጥብ መቁጠር ጀመርኩ። አንዷ ሦስት አላት። ሌላዋ አራት። አንዷ ግን አንድ ብቻ። ደነገጥኩ። አንድ ያልኳቸው ከአንድ በላይ ዝርያዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ቢራቢሮ ሳይ ቆሜ ሳላይ ማለፍ አልቻልኩም።

ይህ መመሪያ ያኔ የሚያስረዳኝ ባገኝ ብዬ የተመኘሁት ነው። መረብም ሆነ ውድ ካሜራ አያስፈልግም። ስልክ፣ ማስታወሻ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃሉ።

አማርኛችን ለከብት መልክ ብዙ ቃል አለው፤ ዳማ፣ ቡላ፣ ቡሬ፣ ቦቃ። የቢራቢሮ ዝርያዎችን ግን አብዛኞቻችን በአንድ ስም ነው የምንጠራቸው። ስለዚህ ሳይንሳዊ ስማቸውን በእኛው ፊደል እጽፋለሁ። አጠገቡ ለራሴ ያወጣሁትን ቅጽል አኖራለሁ። እናንተም የራሳችሁን አውጡ። ስም ያወጣችሁለትን ነገር አትረሱትም።

መጀመሪያ፦ የክንፉን ካርታ ማወቅ

ቢራቢሮ አራት ክንፍ አላት። ሁለት የፊት፣ ሁለት የኋላ። ክንፏን ስትዘረጋ የምናየውና ስትገጥም የምናየው መልክ ይለያያል። ክንፏን እንደ ካፖርት አስቡት። የላዩ ጨርቅ ሌላ፣ ገበሩ ሌላ ነው። እኔ ስትገጥመው የሚታየውን ገጽ ገበር እለዋለሁ። ለመለየት ብዙ ጊዜ ከላዩ ይልቅ ገበሩ ይረዳል። ጀማሪ ግን ቀለሙ ስለሚማርከው ላዩን ብቻ ያነሳል።

ሦስት ሌሎች ቦታዎችን ያዙ።

የክንፉ ዳር ላይ ዞሮ የሚሄደው ባለ ቀለም መስመር ጥለት ነው። የነጠላን ጥለት አስቡ። ጥለቱ ሰፊ ነው ወይስ ቀጭን? ውስጠኛው ዳሩ ቀጥ ያለ ነው ወይስ የተቦረቦረ? በላዩ ነጭ ጠብታ አለበት?

ክንፉን ከፍ አድርገው የያዙት መስመሮች ጅማት ናቸው። ልክ ቅጠል ላይ እንዳሉት። ጅማቱ ከቀሪው ክንፍ ጠቆር ብሎ ከወጣ ትልቅ ምልክት ነው።

ከክንፉ ሥር ተነስቶ እስከ መሃሉ የሚደርስ፣ በጅማት የታጠረ ረዘም ያለ ባዶ ክፍል አለ። ይህን እልፍኝ ብዬዋለሁ። ብዙ ወሳኝ ነጥቦች የሚገኙት እልፍኙ ውስጥ ወይም እልፍኙ ደጃፍ ላይ ነው። ይህን ቦታ በደንብ ካላወቃችሁ የሚቀጥለው ሁሉ ያስቸግራችኋል። አንዲት የሞተች ቢራቢሮ መስኮት ሥር ብታገኙ ወደ ብርሃን ይዛችሁ እልፍኙን ፈልጉት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛ፦ መቼና የት መውጣት

ቢራቢሮ የራሷ ሙቀት የላትም። አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ ካልመታት አትበርም። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። ገና እየሞቀች ስለሆነ ክንፏን ዘርግታ ቅጠል ላይ ትቀመጣለች። እኩለ ቀን ሲሆን ትፈጥናለች፤ ከሩቅ ብቻ ነው የምታዩአት።

ከወቅት ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ አበባው ሲፈነዳ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለውን እመርጣለሁ። ከበልግ ዝናብ በኋላም ጥሩ ነው።

ቦታ ከተባለ የወፍ ቆሎ ያለበትን አጥር ፈልጉ። ባለ ብዙ ቀለም ትንንሽ አበባ ያለው፣ ቅጠሉ ሲታሽ የሚሸተው ቁጥቋጦ ነው። ለግጦሽ መሬት ጠንቅ የሆነ መጤ ተክል ነው፤ ቢራቢሮ ግን አበባውን ትወዳለች። የታቦር ተራራ ግርጌና የጥቁር ውሃ አካባቢ ደህና ናቸው። የደን ቢራቢሮ ካማራችሁ ወደ ወንዶ ገነት መውጣት ነው። አሞራ ገደል ስትሄዱ ምግብ በእጃችሁ አትያዙ፤ ጦጣው ይቀማችኋል። በማለዳ ሸምበቆው ውስጥም አትግቡ። ሐይቁ ጉማሬ አለበት።

ሦስተኛ፦ ፎቶ አነሳስ

መጀመሪያ ከሩቅ አንሱ። ብትበርም ባዶ እጃችሁን አትቀሩም። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ተጠጉ። ጥላችሁ አይረፍባት። ጥላ ሲያርፍባት ወፍ የመጣባት ይመስላታል።

ከላይ አንድ፣ ከጎን አንድ። ይህ ሁለቱ የግድ ነው። ከላይ ስታነሱ ስልኩ ከክንፉ ጋር ትይዩ ይሁን፤ ካዘነበለ አንዱ ክንፍ ይደበዝዛል። ከጎን ስታነሱ በእሷ ቁመት ልክ ተንበርከኩ። ልብስ ይታጠባል።

አንድ ቀን አንድ ልጅ ሣር ላይ ተንበርክኬ አይቶኝ «ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለኝ። ገበሯን እየፈለግኩ መሆኔን ነገርኩት። እሱም ተንበረከከ። ከእኔ ቀድሞ ያያት እሱ ነው።

ክንፏን እየከፈተች እየገጠመች ካስቸገረቻችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ቤት ገብታችሁ ቪዲዮውን እያቆማችሁ ሁለቱንም ገጽ ታገኛላችሁ። በእጅ መያዝ ግን ይቅር። ጣት ላይ የሚቀረው ዱቄት ጥቃቅን ቅርፊት ነው። መልኳን የሚሠራውም እሱ ነው። ሲረግፍ ምልክቷም አብሮ ይጠፋል።

አራተኛ፦ ዳማዎቹ

እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ። ሐዋሳ ላይ ሰው የሚሳሳተው በብዛት እዚህ ነው።

መጀመሪያ መራራዋን እወቁ። ስሟ ዳናውስ ክሪሲፐስ ነው። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. የሰየማት ናት። ሰው ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ አስተውሏታል፤ ከዛሬ 3,500 ዓመት ገደማ በፊት በግብፅ፣ ሉክሶር መቃብር ግድግዳ ላይ ተስላለች። ክንፏ ሲዘረጋ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። መልኳ ዳማ ነው። የፊት ክንፏ ጫፍ ጥቁር ሲሆን በጥቁሩ ላይ ሰያፍ ነጭ መቀነት አለ። የኋላ ክንፏን ነጫጭ ጠብታ ያለበት ጥቁር ጥለት ይዞረዋል። አበራረሯ የረጋ ነው። የምትቸኩልበት ነገር ያለ አይመስልም።

የማትቸኩልበት ምክንያት አላት። አባጨጓሬዋ ሲቆረጡ ነጭ ወተት የሚያወጡ ተክሎችን ትበላለች። ወደ ዝዋይና ላንጋኖ ስትሄዱ መንገድ ዳር የምታዩት ጦቢያ አንዱ ነው። የተክሉ መርዝ ከአባጨጓሬዋ ወደ ቢራቢሮዋ ይተላለፋል። አንዴ የቀመሰቻት ወፍ ትታመማለች። ከዚያ በኋላ ያንን መልክ ያየች ወፍ ትሸሻለች።

ይህን መልክ ነው ሌሎቹ የኮረጁት። ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ የምትባለው ዝርያ ሴቷ ቁርጥ መራራዋን ትመስላለች። እሷ ግን መርዝ የላትም። እኔ አስመሳይዋ እላታለሁ። በፍርሃት የተከበረ ሰው ልብስ ለብሳ እንደምታልፍ ናት። መርዝ የሌላት መርዘኛዋን መስላ መኖሯን በመጀመሪያ በጽሑፍ ያብራራው ሄንሪ ዋልተር ቤትስ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። በ1862 እ.ኤ.አ.፣ ከአማዞን ደን ተመልሶ።

ሁለቱን እንዲህ ለዩ።

የኋላ ክንፏን መሃል ተመልከቱ። እልፍኙ ደጃፍ ዙሪያ ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጥብ ካለ መራራዋ ናት። እዚያው ሳትነሱ ጾታዋንም ታውቃላችሁ። ሦስት ከሆነ ሴት ነች። አራት ከሆነ ወንድ ነው። አራተኛዋ ነጥብ ወንዱ ሴቷን የሚስብበት ሽታ የሚያከማችባት ኪስ ናት። በገበሩ በኩል ስታዩዋት ወፈር ያለች፣ መሃሏ ነጣ ያለ ጥቁር ነጥብ ሆና ትታያለች።

እልፍኙ ዙሪያ ምንም ነጥብ ከሌለና አንድ ጥቁር ነጥብ ብቻ ከኋላ ክንፉ የፊተኛው ጠርዝ አጠገብ ካለች አስመሳይዋ ናት። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። የፊት ክንፏ ያችን ነጥብ አንዳንዴ ይሸፍናታል። ስለዚህ «ነጥቧን አላየኋትም» ማለት አይበቃም። መሃሉ ባዶ መሆኑን ነው ማረጋገጥ ያለባችሁ።

ቀጥሎ ጠርዙን እዩ። የመራራዋ የኋላ ክንፍ ጠርዝ ለስላሳ ነው። የአስመሳይዋ ትንሽ ጥርስ ጥርስ ይላል። ፎቶው ከደበዘዘና ነጥብ መቁጠር ካልቻላችሁ ይህ ያድናችኋል።

ከዚያ አስደንግጧት። በቀስታ፣ በእጅ ጥላ ብቻ። መራራዋ ብድግ ብላ ትንሳፈፋለች። አስመሳይዋ ትረጋ የነበረው ለማስመሰል ነውና ነፍሷን ለማዳን ሽው ትላለች። ይህን ግን ለብቻው ማስረጃ አታድርጉት። ከነጥቡ ጋር ሲሆን ነው።

አሁን ቀለም ለምን እንደማያስተማምን ልንገራችሁ። በምስራቅ አፍሪካ መራራዋ ራሷ በተለያየ መልክ ትመጣለች። አንዳንዷ ጥቁሩ ጫፍም ነጩ መቀነትም የላትም። ሙሉ ዳማ ናት። ሌላዋ የኋላ ክንፏ መሃል ነጭ ነው። ሦስቱም አንድ ዝርያ ናቸው፤ ይጋባሉ፣ ይዋለዳሉ። አስመሳይዋ ደግሞ ሦስቱንም መልክ ትከተላለች! በቀለም ብትሄዱ ከሁለት ዝርያ ስድስት ዓይነት ትቆጥራላችሁ። በነጥቡ ቦታ ብትሄዱ ግን ሁልጊዜ ሁለት ናቸው።

የአስመሳይዋን ባል ብታዩ ዘመዷ ነው አትሉም። እንደ ከፋይ የጠቆረ ነው። በያንዳንዱ ጎን ሦስት ነጫጭ ክብ ምልክት አለው፤ ሁለቱ የፊት ክንፉ ላይ፣ አንዱ የኋላው ላይ። ፀሐይ ሲመታው የነጮቹ ዳር ሐምራዊ ሆኖ ያበራል። ዝቅ ያለ ቦታ ይዞ ይቀመጣል። ሌላ ሲያልፍ ያባርርና ተመልሶ እዚያው ያርፋል። ቢያመልጣችሁ አትከተሉት። ቁጭ ብላችሁ ጠብቁት።

ሦስተኛዋ ዳማ አክሪያ ኤንሴዶን ናት። ነጠብጣቧ እላታለሁ። እሷም ጥቁር ጫፍና ነጭ መቀነት ይኖራታል። ግን ከመራራዋ ታንሳለች። የፊት ክንፏ ጠበብና ሞላላ ይላል። ዋናው ምልክቷ ደግሞ የኋላ ክንፏ ሥር ላይ ቁንዶ በርበሬ እንደተነሰነሰበት ጥቁር ነጥብ መበተኑ ነው። ከአራት ይበልጣል፤ እልፍኙ ደጃፍ ላይም አልተደረደረም። ነጠብጣቧ ራሷም ለወፍ የምትጣፍጥ አይደለችም። ስለዚህ ከመራራዋ ጋር አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ወፍን አብረው ያስተምራሉ።

አራተኛም አለች፤ ቫኔሳ ካርዱይ። ሰሃራን አቋርጣ ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ የምትመላለሰው መንገደኛ። ክንፏን ስትዘረጋ ዳማዋን ትመስላለች። ስትገጥመው ግን ገበሯ እንደ ድንጋይ ዝንጉርጉር ነው፤ በዳሩ በኩል ትንንሽ ዓይን የመሰሉ ክቦች ተደርድረዋል። ገበሯን ያየ አይሳሳትም።

አምስተኛ፦ ነጮቹ

አንዳንድ ጊዜ ነጭ ቢራቢሮ በጅምላ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጓዝ ታያላችሁ። ከእነዚህ መንገደኞች መሃል ብዙ ጊዜ ያለችው ቤሌኖይስ አውሮታ ናት። የቅርብ ዘመዷ ቤሌኖይስ ክሪዮና ናት። ከላይ ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሁለቱም ጥቁር ጥለት አላቸው። በበረራ ላይ መለየት አይቻልም፤ አትድከሙ።

እስክታርፍ ጠብቁና ገበሩን እዩ። የኋላ ክንፉ ጅማቶች ቡናማ ቀለም ተቀብተው አንድ በአንድ የሚቆጠሩ ከሆነ አውሮታ ናት፤ ባለ ጅማቷ። ገበሩ ቢጫ ወይም ቅቤ መልክ ሆኖ ጅማቱ ካልጎላ ክሪዮና ናት። ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ የፊት ክንፉን እልፍኝ ጫፍ ተመልከቱ። በባለ ጅማቷ ላይ ያለው ጥቁር ምልክት ወፍራም ነው፤ ከፊተኛው ጠርዝ ጀምሮ ታጥፎ ይወርዳል። በክሪዮና ላይ ያለው ለብቻዋ የቆመች ትንሽ ነጥብ ናት።

ትልቅ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነጭ ሆኖ ጥለቱ እዚህ ግባ የማይባል ከሆነ ካቶፕሲሊያ ፍሎሬላ ነው። ካሲያ ዛፍ አካባቢ አይጠፋም። ሴቷ ቢጫ ልትሆን ትችላለች።

ስድስተኛ፦ ትንንሾቹ ቢጫዎች

ሣር ለሣር ዝቅ ብለው የሚበሩት ዩሬማዎች ናቸው። ጥለቱን እዩ። የፊት ክንፉ ጥቁር ጥለት ውስጠኛ ዳሩ ለስላሳ ሆኖ ከወረደ ዩሬማ ብሪጊታ ናት። ጥለቱ መሃል ላይ አይጥ እንደበላው ከተቦረቦረ ዩሬማ ሄካቤ ናት። በበጋ የሚፈለፈሉት ጥለታቸው ስለሚቀንስ በዚያ ወቅት በእርግጠኝነት ባትናገሩ ይሻላል።

ሰባተኛ፦ ሰማያዊ ያለባቸው

እነዚህን እወዳቸዋለሁ። መሬት ላይ፣ የእግር መንገድ ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሦስት ጁኖኒያዎች ናቸው፤ ሦስቱም የኋላ ክንፋቸው ላይ ሰማያዊ አለ። «ሰማያዊ ያለበት አየሁ» ማለት እንግዲህ ምንም አልነገረንም።

ጥያቄው ሰማያዊው የት ነው፣ ምን ያህል ነው፣ በዙሪያውስ ምን ቀለም አለ የሚለው ነው። ሰማያዊው አንድ ጉልህ ክብ ሆኖ ከኋላ ክንፉ በላይ በኩል ካለና ቀሪው ክንፍ በአብዛኛው ቢጫ ከሆነ ጁኖኒያ ሂየርታ ነው። ያው ክብ ኖሮ ክንፉ በአብዛኛው ጥቁር ከሆነና የፊት ክንፉ ጫፍ ላይ ነጫጭ ምልክት ካለ ጁኖኒያ ኦኤኖኔ ነው። ሰማያዊው ክብ ሳይሆን የኋላ ክንፉን በሰፊው የሸፈነ ሆኖ በላዩ ቀይ ቀለበት ያላቸው ዓይን መሰል ምልክቶች ከተቀመጡ ጁኖኒያ ኦሪትያ ነው።

ሴቶቹ ከወንዶቹ ደብዘዝ ይላሉ። በተለይ የኦሪትያ ሴት ወደ ቡናማ ታደላለች። ያኔም ቀይ ቀለበት ያላቸውን ዓይኖች ፈልጉ።

ስምንተኛ፦ የባቄላ ማሳዋ ትንሽ ሰማያዊ፣ እና ማቆም ያለብን ቦታ

ባቄላ ወይም አተር ያለበት ጓሮ ካላችሁ ጥፍር የምታህል ሰማያዊ ቢራቢሮ ታያላችሁ። ከኋላዋ ክር የመሰለ ጭራ አላት። ከጭራው ሥር ዓይን የመሰለ ጥቁር ነጥብ አለ። ወፍ ያንን ጭንቅላቷ መስሏት ጭራውን ትነክሳለች፤ ቢራቢሮዋ ታመልጣለች።

ገበሯን ስታዩ በኋላ ክንፉ ላይ አንድ ሰፊ፣ ጎልቶ የወጣ ነጭ መስመር ዳሩን ተከትሎ ከወረደ ላምፒደስ ቦኢቲከስ ናት። ሰፊ መስመር ሳይኖር ሙሉው በቀጫጭን ነጭና ቡናማ ሰረዝ ከተዥጎረጎረ ከሌፕቶተስ ወገን ነው።

የትኛው ሌፕቶተስ? እዚህ ላይ ቁሙ። ሌፕቶተስ የሚባሉት በአፍሪካ ብዙ ዝርያዎች ናቸው። ክንፋቸው ከመመሳሰሉ የተነሳ ባለሙያዎቹ ራሳቸው የሚለዩአቸው የመራቢያ አካላቸውን በማጉያ መሣሪያ አይተው ነው። ደብተራችሁ ላይ «ሌፕቶተስ» ብላችሁ ጻፉ። ይህ ሽንፈት አይደለም። ትክክለኛው መልስ እሱ ነው።

ዘጠነኛ፦ ከመሰየማችሁ በፊት አገሩን ጠይቁ

ሎሚ ወይም ብርቱካን ያለበት ግቢ ሁሉ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስን ያውቃታል። ትልቅ ናት፤ ክንፏ ከ10 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ጥቁር ላይ ቢጫ ጠብታ የተረጨባት፣ የኋላ ክንፏ ላይ ቀይና ሰማያዊ ያለበት ዓይን ያላት፣ ጭራ የሌላት።

ፎቶዋን ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ ፓፒሊዮ ዴሞሌዩስ የምትባል ቁርጥ እሷን የመሰለች ትመጣላችኋለች። በጥቃቅን ልዩነት ራሳችሁን አታድክሙ። ዴሞሌዩስ የእስያ ናት። ሐዋሳ ያያችኋት ዴሞዶከስ ናት። አንዳንዴ ከምልክቱ በፊት ካርታው መልስ ይሰጣል። አይናቹራሊስት የተባለውን የስልክ መተግበሪያ ከተጠቀማችሁም ይህንኑ አስቡ። ፎቶ ስትሰቅሉ ግምት ይሰጣችኋል፤ ከተለያየ አገር ሰዎች አይተው ያርሟችኋል። የመጀመሪያውን ግምት ግን እንዳለ አትቀበሉ። ዝርያው በኢትዮጵያ መኖሩን እዩ። ነጥቡን ራሳችሁ ቁጠሩ።

ከዚህ ጋር አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ፓፒሊዮ ዳርዳነስ የምትባል ቅቤ መልክና ጥቁር፣ ባለ ረጅም ጭራ ቢራቢሮ በአገራችን ደጋማ ደኖች ትኖራለች። በአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ሴቶቹ ጭራ የላቸውም፤ መራራ የሆኑ ሌሎች ቢራቢሮዎችን መስለው ነው የሚኖሩት። በኢትዮጵያ ግን አብዛኞቹ ሴቶች እንደ ወንዱ ቅቤ መልካቸውንም ጭራቸውንም ይዘው ቀርተዋል። ስለዚህ የኬንያ ወይም የኡጋንዳ መመሪያ ይዞ የእኛን ሴት የሚፈልግ ሰው አያገኛትም።

አሥረኛ፦ ወቅትና እርጅና

አንዲት ዝርያ በክረምትና በበጋ ሁለት ልብስ ልትለብስ ትችላለች። ሜላኒቲስ ሌዳ ጥሩ ምሳሌ ናት። ሲመሽ የምትወጣ ቡናማ ቢራቢሮ ናት። በእርጥቡ ወቅት የወጣችው ገበሯ ላይ ዓይን ዓይን የመሰሉ ክቦች ይደረደራሉ። በበጋ የወጣችው ክቦቹ ጠፍተው የደረቀ ቅጠል ትመስላለች። የጠፋ ክብ አይታችሁ አዲስ ዝርያ አገኘሁ እንዳትሉ፣ ቀኑን መጻፍ አትርሱ።

ያረጀችም ታሳስታለች። ቅርፊቷ ሲረግፍ ጥቁሩ ቡናማ፣ ዳማው ገረጣ ይሆናል። ክንፏ ከተቀደደ ደግሞ ወሳኙ ነጥብ ከነቦታው ሄዷል ማለት ነው። ያኔ ሌላኛውን ጎን እዩ። ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ናቸው።

ደብተሬ ላይ የምጽፈው ይህን ይመስላል፦ «ጥቅምት 12፣ ጠዋት 3፡40፣ ታቦር ግርጌ፣ የወፍ ቆሎ ላይ። ዳማ። የኋላ ክንፍ እልፍኝ ዙሪያ 3 ነጥብ። ጠርዝ ለስላሳ። መራራ፣ ሴት።» ስሙ መጨረሻ ላይ መሆኑን ልብ በሉ። መጀመሪያ ያየሁትን፣ ከዚያ ያልኩትን። ስሙን ብሳሳት እንኳ ያየሁት አይሰረዝም።

የመጨረሻው ማረጋገጫ፦ ማሳደግ

አሁንም ከተጠራጠራችሁ ቢራቢሮዋን ትታችሁ ወደ ቅጠሉ ሂዱ። እናትየዋ እንቁላሏን የምትጥለው ልጇ የምትበላው ተክል ላይ ነው። በዚህ ብዙም አትሳሳትም። ዳማዋ ወተት የሚያወጣ ተክል ላይ ስትጥል ካያችኋት መራራዋ ናት። አስመሳይዋ እንዲህ ያለ ተክል ላይ ጉዳይ የላትም።

የመራራዋ አባጨጓሬ ነጭ፣ ጥቁርና ቢጫ ቀለበት ተደርድሮባታል። ጀርባዋ ላይ ሦስት ጥንድ ጥቁር ቀንድ መሳይ ክር አላት። አንዷን ከነቅጠሏ አየር የሚገባው ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ። በየቀኑ ትኩስ ቅጠል ከዚያው ተክል ስጧት። ወተቱ ዓይን ይጎዳል፤ እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ፣ ልጆችንም ጠብቁ።

ወተቱን ከፈራችሁ በሎሚው ጀምሩ። የዴሞዶከስ አባጨጓሬ በልጅነቷ የወፍ ኩስ ትመስላለች፤ ስታድግ አረንጓዴ ትሆናለች። ስትነኳት ከአንገቷ ብርቱካናማ ቀንድ አውጥታ ትሸታለች። አትጎዳም።

ቢራቢሮዋ ከተሸፈነችበት ልባስ ስትወጣ ክንፏ የተጨማደደና እርጥብ ነው። አትንኳት። አንድ ሁለት ሰዓት ጠብቁ። ክንፏ ሲዘረጋና ሲደርቅ፣ ከመብረሯ በፊት፣ ላዩንም ገበሩንም አንሱ። አንድም ቅርፊት አልረገፈባትም። እልፍኙ፣ ጥለቱ፣ ነጥቦቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው። ያንን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ለብቻው አስቀምጡት፤ ነገ የወፍ ቆሎ አጥር ሥር የምታገኟትን ከእሱ ጋር ታስተያያላችሁ። ከዚያ ክዳኑን ከፍታችሁ መስኮት ዳር ተዉት።